እንዳታጠፊው ያለኝ ኮምፒውተር

የካቲት 3፣ ሰኞ ጠዋት

መብራት አለ። ኮምፒውተሩ በርቷል። እጄን ከጎኑ አስጠግቼ አየሁት፤ ለብ ብሏል፣ ደህና ነው። ማከፋፈያው ላይ ያለችው ቀይ መብራትም አልጠፋችም። ተመስገን። አሁን ወደ ሥራዬ።

ሥራ፦ የሁለት ወታደሮች ሱሪ ማሳጠር። የአንድ ሃምሳ አለቃ ማዕረግ መስፋት። የስፌት መኪናዬ ዘይት ትፈልጋለች፣ ፔዳሏ ሲጢጥ ይላል።

ደብተሬ፣ ቀስ ብዬ ነው የምጽፍብሽ። ትምህርቴ ስድስተኛ ክፍል ላይ ነው የቆመው። ስለዚህ «ኮምፒውተር» እያልኩ አልደክምም፤ ከዛሬ ጀምሮ ኮ/ር ነው። ልጄንም ኤ. እለዋለሁ። ኤፍሬም ብዬ ሙሉውን ስጽፍ መሀሉ ላይ እቆማለሁ፣ እጄ አይቀጥልም። በኤ. ይቀጥላል።

ያረፈው ጥር መጨረሻ ላይ ነው። ሙዚቃ አቀናባሪ ነበር። ተልተሌ ሰርግ ሊያጫውት ሄዶ፣ ሲመለስ መኪናው ተገለበጠ። ሌላውን አልጽፍም።

ሲሄድ ግን እንዲህ ነበር። ባጃጁ ውጭ ይጠብቃል። ኪቦርዱን በብርድ ልብስ ጠቅልሎ ተሸክሟል። በሩ ላይ ዞር አለና፣ «እማዬ፣ ኮምፒውተሩን እንዳታጠፊው» አለኝ። እሺ አልኩት። ቀና ብዬም አላየሁት፣ መርፌ ላይ ክር እየሰካሁ ነበር። ከአፉ የሰማሁት የመጨረሻ ቃል ይኸው ነው።

አላጠፋሁትም። እስከ ዛሬ በርቷል።

የካቲት 5፣ ረቡዕ ከሰዓት

መብራት ከጠዋት ጀምሮ የለም። ኮ/ሩ ግን በርቷል፤ ጋሽ ሸምሱ አለና።

ጋሽ ሸምሱ ማዶ ያለው ባለሱቅ ነው። አገራችን አንድ ነው። እኔ የወታደር ሚስት ሆኜ ነገሌ መጣሁ፣ እሱ ሸቀጥ ይዞ መጣ። ባሌ አለፈ፣ እኔ እዚሁ ቀረሁ። እሱም ቀረ። ኤ. በተቀበረ ማግስት ከጄኔሬተሩ ሽቦ ስቦ፣ ከሱቁ ጣሪያ ወደ እኔ ጣሪያ ዘረጋው። ማንም አልጠየቀውም። የሟች ቃል ነው፣ አይጠፋም አለ፤ በቃ።

ዛሬ ላመሰግነው ብሄድ ተቆጣኝ። «አንቺ ሴትዮ፣ ምስጋናሽን መብራት ለሚያጠፉት አድርጊው። እኔን ጎረቤት ያደረጉልሽ እነሱ ናቸው።» ሱቅ ውስጥ የነበሩት ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ሳቄን ራሴ ሰምቼ ደነገጥኩ።

ነገሩ የሰፈር ጉዳይ ሆኗል። ባጃጅ ነጂዎቹ ሲያልፉ ቀስ ይላሉ። «ሃዳ ኤፍሬም፣ በርቷል?» የኤፍሬም እናት ማለታቸው ነው። በርቷል እላለሁ። «ናጋ!» ብለው፣ ሰላም ማለት ነው፣ ይነዳሉ። እንዴት አደርሽ የሚለኝ የለም፤ በርቷል ወይ ብቻ። ጎረቤቴ አስካለ ደግሞ ጠዋት ጠዋት ትመጣና እኔን ሳትስም በፊት ወደ ኤ. ክፍል አንገቷን ታስገባለች። ካየች በኋላ ታማትባለች። ምነው አስካለ፣ ዕቃ እኮ ነው አልኳት። «ቃሉ ያለበት ዕቃ ነው» አለችኝ።

ይህን ሁሉ ሰው ስለሰጠኝ አምላኬን አመሰግናለሁ። ብቻዬን ብሆን ምን ነበር የምሆነው?

የካቲት 8፣ ቅዳሜ

ነፋስ። ቀይ አቧራ። በር ዘግቼም ይገባል። መስኮቱ ላይ በጣቴ ስም መጻፍ ይቻላል።

አቧራው ኮ/ሩ ላይ እንዳይቀመጥ አሳሰበኝ። ጠረግኩት፣ ወዲያው ተመለሰበት። ሣጥኔን ከፍቼ ትልቁን ዳንቴል አወጣሁ። ለኤ. ሰርግ ይሆናል ብዬ በቆሮቆንዳ ክር የሠራሁት ነው፣ ጠርዙ አበባ አበባ። አለበስኩት። አማረበት። ከጎን መብራቷ ብቻ በክሩ መሀል ትታያለች።

ሳየው ደስ አለኝ። ዛሬ ሌላ የምጽፈው የለኝም።

የካቲት 9፣ እሑድ፣ 8 ሰዓት

ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ኮ/ሩ ይጮሃል። ውስጡ ያለው ማራገቢያ እንደ ወፍጮ ያጓራል። ብነካው ይፋጃል። አስካለ ውሃ እንርጨው አለች። ውሃ! ወጥቼ መንገድ ላይ ጮኽኩ። ጋሽ ሸምሱ ሮጦ መጣ፣ አየው፣ እሱም ውሃ አለ።

ያዳነን ገልገሎ ነው። ገልገሎ የኤ. ጓደኛ፣ የቦረና ሰው፣ ድምፃዊ ነው፤ ኪቦርድም ይጫወታል። ዶሎ ኦዶ ሥራ ላይ ሰንብቶ መመለሱ ነው። ለለቅሶው መጥቶ ነበር፣ ግን የኤ. ክፍል መግባት አልቻለም፣ ከበሩ ተመለሰ። ዛሬ የሰው ጫጫታ ሰምቶ ገባ። ማንንም ሳይጠይቅ ዳንቴሉን አነሳው። ኮ/ሩን ከፍ አድርጎ ከሥሩ ሁለት መጻሕፍት አስገባ። መስኮቱን ከፈተ። ጩኸቱ ቀስ እያለ ወረደ።

ትንፋሽ አጥሮት ነው አለ። ዕቃው በጎኑና በሥሩ ነው የሚተነፍሰው፤ ዳንቴሉ አፈነው።

ከዚያ ዳንቴሉን ይዞ ቆመ። አገላብጦ አየው፣ መሳቅ ጀመረ። «ሃዳ ኤፍሬም፣ ሙሽራ አደረጉት እኮ!» ሳቁ መሀል ላይ ተቆረጠ፣ ፊቱን በዚያው ዳንቴል ሸፈነ። ሁላችንም አለቀስን። ጋሽ ሸምሱ ሱቁን ክፍት ጥሎ እንደመጣ ትዝ ያለው ዘግይቶ ነው።

ሲወጣ ግን ገልገሎ ጠየቀኝ፤ ለምንድን ነው እስካሁን ያላጠፉት? ቃሉን ነገርኩት። እንደገና ገብቶ ስክሪኑን አየ። ብዙ አየው። ማክሰኞ እመጣለሁ ብሎ ሄደ።

የካቲት 11፣ ማክሰኞ

ገልገሎ መጣ። «አካም ቡልቴ»፣ እንዴት አደርክ ተባባልን፣ አስቀመጠኝ፣ አስረዳኝ። እንደገባኝ እጽፈዋለሁ።

ሙዚቃ የሚሠሩበት ፕሮግራም ሲጫን አብረውት የሚመጡ ድምፆች አሉ። ሲንት ይላቸዋል። የተቀዳ ነገር አይደሉም፤ ድምፁን ከባዶ ይፈጥሩታል። ቁልፋቸውን እያዞሩ ማወፈር፣ ማቅጠን፣ ማዘግየት ነው። ፕሮግራሙ ባለበት ሁሉ እነሱም አሉ። ሌሎቹ ከውጭ የሚመጡ ናቸው። ሌላ ሰው የሠራቸው፣ ለብቻ የሚጫኑ። ፕለጊን ይባላሉ። ፕለጊኑ የሌለው ኮ/ር ላይ ዘፈኑ ሲከፈት የእነሱ ቦታ ባዶ ይሆናል፤ ዝም።

እኔ በስፌት ተረዳሁት። መኪናዬ ስትገዛ በመሳቢያዋ ውስጥ ከመርፌው ሥር የሚገጠሙ ትንንሽ ብረቶች አብረዋት መጡ። አንዱ ለዚፕ፣ አንዱ ለጠርዝ። ያለ ችግር ይገጥማሉ። ከገበያ ለብቻ የሚገዙም አሉ፣ ያምራሉ፣ ግን እያንዳንዱ መኪና አይቀበላቸውም። ነገርኩት። ልክ እንደዚያ ነው አለኝ።

እነሱ በዚህ ነገር ሲከራከሩ ከመጋረጃው ማዶ እሰማቸው ነበር። ኤ. የውጭውን ይወዳል። ከነገሌ እስከ ሞያሌ የሰርግ ዘፈን ሁሉ አንድ ዓይነት ሆነ፣ ሁሉም አብሮ የመጣውን ድምፅ ስለሚጠቀም ነው ይላል። ገልገሎ ደግሞ ድምፁ አልሰለቸህም፣ ቁልፉን ማዞር ሰንፈህ ነው ይለዋል። «ሽማግሌው» ይለዋል ኤ.። «የዕቃ ወዳጅ» ይለዋል ገልገሎ። እኔ ምን እንደሚጣሉ ሳይገባኝ እሰፋለሁ።

አሁን ዋናው። ኤ. ለገልገሎ የሚዘፍነውን ዘፈን እያቀናበረ ነበር። ግማሹ ነው ያለቀው። የዘፈኑን ዋና ድምፅ የሠራው በፕለጊን ነው፣ ገና ለሙከራ ባመጣው። የሙከራው ሁሉን ያሠራል፣ ግን በየመሀሉ ሽሽሽ ብሎ ያቋርጣል። ሲዘጋ ደግሞ ያስተካከሉለትን ሁሉ ይረሳል። በሌላ ቀን ቢከፍቱት ባዶ ነው።

ለዚህ ነው እንዳታጠፊው ያለኝ። ከተልተሌ እስኪመለስ። ሌላ ነገር የለውም።

ገልገሎ ይህን ሲል አይኔን አላየም።

የካቲት 12፣ ረቡዕ ጠዋት

ተናድጃለሁ። በማን እንደሆነ አላውቅም። ሰው ሁሉ ሽቦ የዘረጋው፣ አስካለ ያማተበችው ለኑዛዜ ነው። ኑዛዜ አልነበረም። ምጣዱን አውጪ፣ በሩን ዝጊ እንደሚባለው ነው። አንዲት እናት የልጇ የመጨረሻ ቃል ብላ የያዘችው የዕቃ ጉዳይ ሆነ።

ሱሪ አበላሸሁ። አንዱን እግር ከሌላው አሳጠርኩት።

ያው ቀን፣ ከሰዓት

ሱሪውን ስፈታ ሐሳብ መጣልኝ፣ ሳይጠፋኝ ልጻፈው።

ኑዛዜ ያልሆነው ሊሞት ስላላሰበ ነው። ሊመለስ ነበር። በሩ ላይ ዞር ሲል ልቡ ሥራው ላይ ነበር። ፍርሃት የለበትም፣ ክፉ ነገር አልታየውም። ሰው እንደዚያ ሆኖ ከእናቱ ቤት ከወጣ ምን ቀረበት? ሌት ተቀን የሚያስጨንቀኝ ፈርቶ ይሆን፣ ያወቀው ነገር ነበር ይሆን የሚለው ነበር። አልነበረም። ኮምፒውተር ነበር ያሰበው።

ተመስገን። ይህንንም ስላሳየኸኝ ተመስገን። ለገልገሎ ነገ በቋንቋው ገላቶሚ፣ አመሰግናለሁ እለዋለሁ። ሱሪውም ይስተካከላል፣ ጨርቅ ተርፎታል።

የካቲት 14፣ ዓርብ

ገልገሎ ሥራ ጀመረ። ኤ. ያቀናበረውን ግማሽ በሽቦ ወደ ስልኩ ቀዳው፤ ሽሽሽ ሲል እያቆመ፣ እየቆራረጠ። ያ ተረፈ። ግን የተቀዳ ነው አለኝ፤ የቀረውን ግማሽ በዚያ ድምፅ መጫወት አይቻልም። መሣሪያው ራሱ ያስፈልጋል።

ለምን አይገዛም አልኩት። ገልገሎ ናይሮቢ የአጎት ልጅ አለው፣ እሱ ሊገዛልን ይችላል። ግን ገዝተው የመክፈቻ ቁጥሩን ሲያስገቡ ፕሮግራሙ ተዘግቶ ይከፈታል፤ ኤ. የሠራው ይጠፋል። ቁልፎቹን በስልኩ ፎቶ አነሳቸው። ከፎቶው መልሼ ላስገባ እችላለሁ ይላል። ወይ ደግሞ ኮ/ሩ እንደበራ አብሮ የመጣው ሲንት ላይ ጎን ለጎን እያዳመጠ ድምፁን እንደ አዲስ መሥራት። ሁለት መንገድ ነው ያለን።

የለቅሶ ቤት ሙዚቃ አይሰማበትም። ስለዚህ በጆሮ ማዳመጫ ነው የሚሠራው። «ይስሙት» ብሎ ለእኔም ሰጠኝ። ከጥቁሩ ሻሼ በላይ አጠለቅኩት።

ደብተሬ፣ ያንን ድምፅ እንዴት ልጻፈው? ዋሽንት አይደለም። ጡሩምባ አይደለም። ከሩቅ ይጀምራል፣ መጀመሩ አይታወቅም፣ ከዚያ ሞልቶ ታገኚዋለሽ። ጎህ እንደሚቀደው። ከመሄዱ በፊት በግድግዳ ውስጥ ስሰማው የነበረው ይኼ ነው። አሁን ራሴ ውስጥ ነው ያለው። ዓይኔን ጨፈንኩ።

ስከፍት አስካለ ፊቴ ቆማለች፣ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ። «በፈጣሪ! ብርቄ፣ ዲጄ ሆንሽ?» አለች። ገልገሎ ከወንበሩ ሊወድቅ ነበር። ለእሷም አደረግንላት። አዳመጠች፣ ሽሽሽ ሲል ጆሮዋን ይዛ ዘለለች፤ እባብ መስሏት።

የካቲት 17፣ ሰኞ

ከገልገሎ ጋር ተጣላን። ማለት እኔ ተጣላሁ፣ እሱ አልተጣላም።

አብሮ በመጣው ሲንት የሠራውን አሰማኝ። ቀጭን ነው። ውሃ የበዛበት ሽሮ ነው። ኤ. ይህን ድምፅ አይወድም ነበር አልኩት። ሲጠላው የነበረውን ዘፈኑ ውስጥ ልታስገባበት ነው? ሲኖር ተከራከርከው፣ አሁን ዝም ሲል አሸነፍከው።

ወዲያው አፌን ያዝኩ። ግን ወጥቷል።

ገልገሎ የጆሮ ማዳመጫውን አወለቀ። «ሃዳ፣ አዎ፣ አሸነፍኩት። ግን በማን ላይ ልኩራ?» አለኝ። ከዚያ እሱ ራሱ የውጭውን እናስገዛ አለ። ለእኔ ደስ ይበላት ብሎ ሳይሆን፣ እሱም ልቡ ወደዚያ ነው። የኤ. የሆነውን ላለመንካት። ታዲያ ያንን ብንገዛ በአንተ ኮ/ር ይከፈታል ወይ አልኩት። በተገዛበት ብቻ አለ። ኮ/ሩ ሲያረጅስ? የሠሩት ሰዎች ቢተዉትስ? የጆሮ ማዳመጫውን ሽቦ ጠቀለለ።

ሁለታችንም የምንፈልገውን አናውቅም። እሱ ምሳ ሳይበላ ሄደ። ሽሮው ቀዘቀዘ።

የካቲት 20፣ ሐሙስ

ዝናብ፣ ወቅቱ ሳይደርስ። መብረቅ። መብራት ገና ጠዋት ሄዷል። እኩለ ቀን ላይ የጋሽ ሸምሱ ጄኔሬተርም ተንተባተበና ቆመ። ኮ/ሩ ላፕቶፕ ነውና በራሱ ባትሪ ቀረ። ባትሪው አርጅቷል፣ ብዙ አይቆይም።

ጋሽ ሸምሱ በዝናብ፣ ራሱ ላይ ማዳበሪያ ጆንያ ደፍቶ፣ የመኪና ባትሪ ተሸክሞ ገባ። በስልክ ለገልገሎ እየደወለ ሽቦ አገናኘ። ጣቱን አቃጠለ። ሲጨርስ ተቀምጦ ሻይ ጠጣ፣ ከጢሙ ውሃ እየተንጠባጠበ።

አንድ ነገር ሳይነግረኝ አወቅኩ። በኋላ ሱቁ ስገባ ማቀዝቀዣው ተከፍቶ ለስላሳዎቹ ከውጭ ተደርድረዋል። ጄኔሬተሩ ደካማ ነው፤ የእኔን ሽቦ ከዘረጋ ወዲህ ማቀዝቀዣውን አይሰካም። በዚህ ቆላ ፀሐይ ለብ ያለ ለስላሳ ማን ይገዛዋል? ወታደሮቹ ወደ ሌላ ሱቅ መሄድ ጀምረዋል። አልነገረኝም። ለምን አልነገርከኝም ስለው «ለጤናም ጥሩ አይደለም፣ ቀዝቃዛ ጉሮሮ ይጎዳል» አለ።

ቁጭ ብዬ አሰብኩ። ኤ. ይህን ቢያይ ምን ይል ነበር? ያፍር ነበር። ለግማሽ ዘፈን ሰው ሁሉ ይታሰራል ብሎ አላሰበም።

ለገልገሎ ደወልኩ። አብሮ የመጣውን ሞክር፣ አብሬህ አዳምጣለሁ አልኩት። ይቅርታም ጠየቅኩ። «ሽሮ አለ?» አለኝ። አለ አልኩት።

የካቲት 23፣ እሑድ

ሙሉ ከሰዓት ሠራን። አንድ ጆሮ ለእሱ፣ አንድ ጆሮ ለእኔ። መጀመሪያ የኤ. ድምፅ፣ ቀጥሎ የእኛ። እንደገና የኤ.፣ እንደገና የእኛ።

እኔ የሙዚቃ ቃል የለኝም። ይኼ ቶሎ ይመጣል፣ የኤ. ቀስ ይል ነበር እላለሁ። ገልገሎ አንድ ቁልፍ ያዞራል። አዎ፣ አሁን ቀስ አለ። ይኼ ግን ባዶ ነው፣ አንድ ሰው ብቻውን እንደሚዘምረው። ያስባል። ያንኑ ሲንት ደግሞ ከፍቶ ሁለት አደረገው፣ ሁለተኛውን በጣም በጥቂቱ ከመጀመሪያው አዛነፈው። ሁለት ሰዎች አንድ ዜማ ሲሉ ልክ አንድ እንደማይሆኑት። ወፈረ። ዕድሜ አገኘ።

ገልገሎ ገረመው። ይህን ሲንት ስንት ዓመት ስጠቀምበት እንዲህ አድርጌው አላውቅም ይላል። «ሰነፉ እኔ ነበርኩ እንዴ?» ብሎ ኮ/ሩን ጠየቀው። ኤ.ን መጠየቁ ነው።

ግን አንድ አይደለም። ደብተሬ፣ አልዋሽሽም። አንድ ነው ወይ ሲለኝ አይደለም አልኩት። አይደለም አለ እሱም። የኤ. ድምፅ ውስጥ አንድ የሚያንጸባርቅ ነገር አለ፣ እኛ ያላገኘነው። የእኛው ውስጥ ደግሞ የእሱ ውስጥ ያልነበረ ሙቀት አለ። የአክስት ልጆች ይመስላሉ። አንዱን ስታይ ሌላው ትዝ ይልሻል።

ይበቃል አልኩ። ራሴ ነኝ ያልኩት።

የካቲት 27፣ ሐሙስ

ዛሬ ከሰፈር ወጣሁ። ከቀብሩ ወዲህ ከቤተ ክርስቲያን ሌላ ሩቅ ቦታ ስሄድ የመጀመሪያዬ ነው። በባጃጅ ወደ ገልገሎ ቤት፣ ከተማው ጫፍ። ነጂው በርቷል ወይ ብሎ ጠየቀኝ፣ በርቷል አልኩት። ሒሳብ አልቀበልም አለ።

ገልገሎ የቀረውን ግማሽ ተጫውቶ ጨርሶታል። ዘፈኑን ወደ ራሱ ኮ/ር ወስዶታል። ፊቴ ከፈተው። እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ ጠበቅኩ። ተከፈተ። አንድም ባዶ የለም። አንድም «አልተገኘም» የሚል ጽሑፍ የለም። ከበሮው አለ፣ ባሱ አለ፣ ኤ. ራሱ አብረው በመጡት የሠራቸው ሁሉ አሉ። ለካ አብዛኛው የዘፈኑ አካል በእነሱ ነበር የተሠራው። ሲያማቸው እየዋለ ይጠቀምባቸው ነበር! ገልገሎ ይህን ሲያይ ጭኑን መታ። «ውሸታም! ተደብቆ ይጠቀም ነበር» አለ፣ እየሳቀ፣ እያለቀሰ።

የገልገሎ ሚስት ሻይ ሰጠችኝ፣ አጠገቤ ተቀመጠች። ልጆቹ በር ላይ። እዚህ ለቅሶ ቤት ስላልሆነ ድምፁን ከፍ አደረገ። ዘፈነ። በኦሮምኛ ነው፣ ግማሹ ይገባኛል። ስለ መንገድ ነው፣ ስለሚጠብቅ ሰው። ግጥሙ ኤ. ከመሞቱ በፊት የተጻፈ ነው፤ አንድ ቃል አልለወጥኩም አለ።

የመጀመሪያው ግማሽ የት አልቆ የገልገሎ የት እንደጀመረ ፈለግኩ። አገኘሁት መሰለኝ። ከዚያ ጠፋብኝ።

መጋቢት 3፣ ረቡዕ

አርባው ወጣ። ካህናቱ መጡ፣ ሰዉ መጣ። ጾም ስለሆነ ምግቡ ቀላል ነበር። ጋሽ ሸምሱ ሩዝ በጆንያ ላከ፣ ራሱም መጥቶ ከሽማግሌዎቹ ጋር ተቀመጠ።

የኮ/ሩ ነገር ተነሳ። የኢድሩ ሊቀመንበር ቢያንስ እስከ ሙት ዓመቱ በርቶ መቆየት አለበት አሉ። አስካለም ደገፈች፣ የሟች ቃል ሲሻር አላየሁም ብላ። ጋሽ ሸምሱ የእትዬ ብርቄ ፈቃድ ነው፣ እኔ ሽቦዬን አላነሳም አለ። ሦስቱም ከልባቸው ነው።

ተነሳሁ። በሰው ፊት መናገር አልችልበትም። ግን ነገርኳቸው። ልጄ ያለኝ እስክመለስ ጠብቂልኝ ነው፤ ሥራው እንዳይጠፋበት ነው አልኩ። ሥራው አልጠፋም። ገልገሎ ጨርሶታል፤ በፈለገው ቤት ይከፈታል። ቃሉን ጠብቃችሁልኛል፣ እናንተ ናችሁ የጠበቃችሁት። እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ አላህ ይስጥልኝ፣ ዋቃ ይስጥልኝ አልኩ። ሳቁ። ሊቀመንበሩም ሳቁ። አስካለ ግን አኮረፈች፤ ስትወጣ አልሳመችኝም።

መጋቢት 5፣ ዓርብ

አስካለ ጠዋት መጣች። እንደ ልማዷ አንገቷን አስገባች፣ አማተበች። ከዚያ ዞራ ሳመችኝ። መቼ ነው አለች። ነገ አልኩ። «ልምጣ ወይስ ብቻሽን?» አለች። ብቻዬን አልኳት። ገባት።

ገልገሎ እኔ ላጥፋልዎት አለኝ። አይሆንም አልኩት፣ ለእኔ ነው ያለኝ። እሺ ብሎ አሳየኝ። መጀመሪያ ፕሮግራሙን መዝጋት። ሲዘጋ ይጠይቃል፤ ይቀመጥ ወይስ አይቀመጥ ብሎ። ይቀመጥ ማለት። ያ ድምፅ ግን አይቀመጥም፣ ይወቁት አለኝ። አውቃለሁ። ከዚያ ማጥፋት። ከዚያ ስክሪኑ እስኪጠቁር መጠበቅ።

ዳንቴሉን አጥቤ ተኩሼዋለሁ። ለገልገሎ ሚስት እሰጣታለሁ። ለሰው ቤት ይሁን።

መጋቢት 6፣ ቅዳሜ፣ ጠዋት 2 ሰዓት

መብራት አለ። ሽቦ ሳያስፈልግ፣ ባትሪ ሳያስፈልግ። የኤ. ወንበር ላይ ተቀምጬ ነው የምጽፍብሽ። ማዶ የጋሽ ሸምሱ ማቀዝቀዣ ሲያንጎራጉር ይሰማኛል፤ ዛሬ ሰክቶታል። ማንም አልነገረውም።

ድምፁን የመጨረሻ ጊዜ ሰማሁት። ከሩቅ መጣ፣ ሞላ፣ ሽሽሽ አለ። ሳልደነግጥ ጠበቅኩት፣ ተመልሶ መጣ። ለዚህ ሁሉ ቀን አብሮኝ ስለቆየ አመሰገንኩት። ከውጭ የመጣ ነው፣ ባዕድ ነው፣ ልጄ ግን ይወደው ነበር።

አሁን ልዘጋው ነው። ማውሱን የምይዘው በቀኝ እጄ ነው፣ ብዕሩንም እንደዚሁ። ስለዚህ ደብተሬ፣ ብዕሩን ላስቀምጥ